ቅድመ አያታችን በእርግጥ ነጋድራስ ነበር? (አንኮበርና አልዩ አምባ)

የአንኮበር ዘር፣ ጥር 9

ጤና ይስጥልኝ። ከቤታችን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ወሬ እውነት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ፈልጌ ነው የምጽፈው። የሴት አያቴ አባት፣ ቅድመ አያቴ ማለት ነው፣ በአጤ ምኒልክ ዘመን የአልዩ አምባ ገበያ ነጋድራስ፣ የንግድና የቀረጥ ሹም ማለት ነው፣ ነበር ይባላል። በሰርጋችን ሙሽራ ስትሸኝ እንኳን «የነጋድራስ ልጅ» እየተባለ ይዘፈናል። አያቴ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆኗታል። አሁን የቤተሰቡን የዘር ሐረግ በወረቀት እያሰፈርኩ ስለሆነ ከስሙ በፊት ምን ብዬ እንደምጽፍ ማወቅ አለብኝ። ያልነበረውን ብጽፍ ልጆቼ እውነት ነው ብለው ይዘውት ይኖራሉ።

አያቴ የነገረችኝ ይህን ነው። አባቷ የተወለደው በክፉ ቀን ነው፤ እናቱ በጀርባዋ አዝላው ከመንዝ ወደ ይፋት ወርዳለች። ሰገሌ ዘምቶ ቆስሎ ተመልሷል። በኅዳር በሽታ ታናሽ ወንድሙን ቀብሯል። አያቴ የተወለደችው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላም ብዙ ዘመን ኖሯል።

ከአያቴ ሳጥን ግርጌ ደግሞ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ አንድ ወረቀት ተገኝቷል። ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። አራት ቦታ ታጥፎ የታጠፈበት መስመር ተበጣጥሷል፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ የላይኛውን ቀኝ ጥግ አይጥ በልቶታል። ማኅተም አለው፤ ነገር ግን ክብ መሆኑ እንጂ ጽሕፈቱ አይለይም። የቻልኩትን ያህል ገልብጬዋለሁ። ስሙን ለቤተሰቡ ሲባል በነጥብ ተክቼዋለሁ።

«ይድረስ ከነጋድራስ (ተበልቷል)። እንዴት ሰንብተሃል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በ… እጅ የሰደድኸው ፳፬ ብር ደረሰልን። ቀሪውን ክረምት ሳይገባ ስደድ። ሚያዝያ ፲፩ ቀን ፲፱፻፬ ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ከተማ ተጻፈ።»

በነጥብ የተካሁት የቅድመ አያቴ ስም ነው፤ ከነአባቱ ስም በግልጽ ይነበባል። ቤተሰቡ ወሬውን የሚያስረዳው በዚህ ወረቀት ነው። ከየት ልጀምር?

የመዝገብ ቤት ሰው፣ ጥር 9

እንኳን ደኅና መጣሽ ልጄ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ አንቺ እልሻለሁ።

በሥራ ዘመኔ አያቱን ፍለጋ ወደ መዝገብ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሹመት ነው። «ፊታውራሪ ነበር፣ ቀኛዝማች ነበር፣ የሹመት ደብዳቤው እናንተ ጋ ይኖራል?» ይላል። ሹመቱን ለጊዜው ተዪውና ሰውየውን ያዢ። የት ነበር የሚኖረው? መሬቱ የማን ርስት ነው? ከማን ጋር ተካሰሰ? ለማን መሰከረ? እነዚህን ካወቅሽ ሥራው ራሱ ይመጣል።

የወረቀቱን ፎቶ ለጥፊልን። የተገለበጠ ጽሑፍ ላይ ፍርድ መስጠት አይቻልም።

ታሪክ አጥኚ፣ ጥር 10

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው የዘመኑን ስሌት ነው፤ አያትዎ የነገሩዎት ነገር እርስዎ ከሚያስቡት በላይ ብዙ ይናገራል። የቀድሞ ሰዎች ዕድሜያቸውን በቁጥር አይናገሩም፤ በዘመን ምልክት ግን አይሳሳቱም።

ክፉ ቀን የሚባለው ከብቱ በበሽታ ያለቀበትና ረኀቡ የጸናበት ከ1880 እስከ 1884 ድረስ ያለው ጊዜ ነው። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው። የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ 1911 ነው። ስለዚህ ቅድመ አያትዎ የተወለደው በ1880 እና በ1884 መካከል ነው፤ አያትዎ የተወለዱት በ1914 አካባቢ ነው። አሁን ወረቀቱን ይመልከቱ። 1904 ይላል። በዚያ ዓመት ቅድመ አያትዎ ከ20 እስከ 24 ዓመት የሚሆነው ጎረምሳ ነበር።

ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች ራስ ነው። ድሮ የሲራራ ነጋዴው መሪና ዳኛ ነበር፤ በኋላ በምኒልክ ዘመን የትልልቅ ገበያዎችን ቀረጥ የሚያስገባ የመንግሥት ሹም ሆነ። ምኒልክ በ1900 ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድ ሚኒስትር የሆኑት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበሩ። የሹመቱን ክብደት ከዚህ ይረዱታል። ለ22 ዓመት ጎረምሳ፣ ያውም በችግር ከመንዝ ለወረደ ልጅ፣ ይሰጣል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ሌላም ነገር አለ። «በአጤ ምኒልክ ዘመን» የሚለው በስም ትክክል ነው፤ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ነው። ነገር ግን በ1904 ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም አልጋ ላይ ነበሩ፤ ሥልጣኑ በልጅ ኢያሱ እጅ ነበር። አልዩ አምባም ቢሆን በ1830ዎቹ የውጭ አገር መንገደኞች አርብ ገበያዋን አይተው የጻፉላት፣ የታጁራና የሐረር ነጋዴ የሚገናኝባት አልዩ አምባ አልነበረችም። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ከገባ በኋላ ትልቁ ንግድ ወደዚያ ዞሯል። ጨውና የቆላ ዕቃ ግን መውጣቱን አላቆመም፤ ቀረጥ የሚቀበለው ኬላም ሥራ አልፈታም።

የአጎት ልጅ፣ ጥር 10

እኔ የጠያቂዋ የአጎት ልጅ ነኝ። ይህን ክር ሳነብ ልቤ አዘነ። አያታችን ዋሽታ አታውቅም። አባቷ ነጋድራስ ነበር ብላለች፤ ነበር። መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን ሰውየውን የማያውቁ ሰዎች ዕድሜውን በጣታቸው ቆጥረው ከማዕረጉ ሊያወርዱት ነው። እኅቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡን ማማከር ነበረብሽ።

የአንኮበር ዘር፣ ጥር 10

ወንድም ዓለም፣ ቅር አይበልህ። ስሙን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። እኔም እንዳንተ በዚያ ዘፈን ነው ያደግኩት፤ እውነት ሆኖ ቢገኝ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔን ነው።

ፎቶዎቹን ለጥፌያለሁ፤ ሦስቱ በቀን ብርሃን፣ አንዱ ከጀርባው መብራት ይዤ የተነሡ ናቸው።

ዲያቆን ዘጣርማ በር፣ ጥር 11

ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። ልማዴ የብራና መጽሐፍ ነው፤ የወረቀት ደብዳቤም ቢሆን የእጅ ጽሕፈት የለመደ ሰው ያነበዋል። ሁለት ነገር ልበል።

መጀመሪያ አድራሻው። «ይድረስ ከነጋድራስ» ማለት በዘመኑ አጻጻፍ ወደ ነጋድራስ ይድረስ ማለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን የተቀበለው ነጋድራሱ ነው፤ ቤተሰቡ እስከዚህ ድረስ በትክክል አንብቦታል። ነገር ግን የነጋድራሱ ስም የነበረበት ቦታ ተበልቷል። የቅድመ አያትዎ ስም ያለው ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፤ ከፊቱ «በ» ከኋላው «እጅ» አለ። በእገሌ እጅ የሰደድኸው ነው የሚለው። ለአንድ ሰው «በራስህ እጅ የሰደድኸው» ተብሎ አይጻፍም። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ላኪ፣ አንዱ አድራሽ። ቤተሰቡ ከመጀመሪያው መስመር ማዕረጉን፣ ከሦስተኛው መስመር ስሙን ወስዶ ገጥሟቸዋል። በክፋት የተደረገ አይደለም፤ መካከሉን አይጥ ስለበላው ነው።

ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። እርስዎ ፳፬ ብለው ገልብጠዋል። ከጀርባው መብራት ያለበትን ፎቶ ያስፉት። ከ፬ ቀጥሎ፣ ልክ ወረቀቱ በታጠፈበት ላይ፣ የደበዘዘ ምልክት አለ። የላይ ሰረዙና የታች ሰረዙ ይታያሉ፤ መካከሉ ከእጥፋቱ ጋር ተሰንጥቋል። ያ ፻ ነው። ስለዚህ ፳፬ ሳይሆን ፳፬፻ ነው።

የአንኮበር ዘር፣ ጥር 11

2400 ብር?

ዲያቆን ዘጣርማ በር፣ ጥር 11

አዎ። ያው ምልክት በዓመተ ምሕረቱ ላይም ስላለ አስተያይቼዋለሁ፤ የእጁ አጣጣል አንድ ነው። ስለ ማኅተሙ ምንም ለማለት አልደፍርም።

የአንጥረኛ ልጅ፣ ጥር 12

እኔ በመጻሕፍት ጉዳይ አልናገርም፤ በብር ጉዳይ ግን እናገራለሁ። አባቴ አንጥረኛ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጠገራ ብር እያቀለጠ አልቦና ድሪ ሲሠራ ወናፍ እነፋለት ነበር። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ነው፤ የምኒልክ ምስል ያለበትም ብር ክብደቱ ከእርሱ ጋር እንዲስተካከል የተሠራ ነው። ሁለቱንም በሚዛን አይቻቸዋለሁ።

እንግዲህ አስሉት። 24 ብር ቢሆን አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም፤ ሰው በመቀነቱ ቋጥሮ ይሄዳል። 2400 ብር ግን 67 ኪሎ ነው። ይህን በሸክም የሚያደርሰው የለም። በቆዳ ከረጢት ተከፋፍሎ፣ ከበቅሎ ግራና ቀኝ ተመዛዝኖ የሚጫን ጭነት ነው። ሚዛኑ ከተዛነፈ የበቅሎዋ ጀርባ ይቆስላል፤ ከረጢቱ ከላላ ብሩ እየተፋጨ ይጮኻል፤ ያንን ድምፅ ደግሞ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ያለውን ዳገት በእግሬ ወጥቼዋለሁ። ባዶ እጅህን ሆነህም ወገብ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ እስከ አዲስ አበባ ዛሬ በመኪና 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ ብሆን ኖሮ ኬላ ላይ ቁጭ ብሎ ብር ከሚቆጥረው ይልቅ ብሩን ጭኖ ያን መንገድ በሚሄደው እኮራ ነበር። 2400 ብር አስይዘህ የምትልከው ሰው ይዞት እንደማይጠፋ የምታምነውን ነው።

የአጎት ልጅ፣ ጥር 12

ስለዚህ መጨረሻው ቅድመ አያታችን ተላላኪ ነበር ማለት ነው? የሰው አሽከር?

የመዝገብ ቤት ሰው፣ ጥር 12

ልጄ፣ ቃሉን በዛሬ ሚዛን አትመዝነው። ዛሬ አሽከር ስንል ቤት የሚጠርግ፣ ውኃ የሚቀዳ ሰው ይታየናል። በእነርሱ ዘመን አሽከር ማለት ጌታ ያደረ፣ የጌታውን ቀለብ የሚበላ፣ የጌታውን ጠመንጃ የሚሸከም ሰው ነው። እልፍኝ አሽከር የሚባለው ንጉሡ ዘንድ የሚገባ ነው፤ ብዙ ታላላቅ ሹማምንት ከዚያ ተነሥተው ነው ደጃዝማችና ራስ የሆኑት። የመንግሥት ሥራና የጌታ ቤት ሥራ ገና አልተለያዩም ነበር። ነጋድራሱ የመንግሥት ሹም ነው፤ አሽከሩም በእርሱ በኩል የመንግሥትን ሥራ ይሠራል። ደመወዝ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ የሚባል ነገር በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ሥርዓት ተይዞ የተደራጀው በ1934 ከወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ወዲህ ነው።

ታሪክ አጥኚ፣ ጥር 13

ቃሉን በተመለከተ ጋሼ በተናገሩት እስማማለሁ። የጥንቱን የመንግሥት ሥራ ክፍልና የማዕረግ ስም ለመለየት የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ይጠቅማል፤ ነጋድራስ የሚባለውና ከሥሩ ያለው ሰው እንዴት እንደሚለያይ ለመረዳት ከእርሱ ይነሡ።

በጋዜጣ ስለመፈለግ፦ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መውጣት የጀመረው በ1917፣ «አዲስ ዘመን» በ1933፣ «ነጋሪት ጋዜጣ» በ1934 ነው። የ1904 ጉዳይ ከሁሉም ይቀድማል። በአዲስ አበባ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትንና ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ግን የአንድ ብር አመላላሽ ስም በማውጫ ውስጥ አግኝቼ እመጣለሁ ብለው ከሄዱ ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ። ማውጫ የሚሠራው ለሹም ነው። በዚያ ላይ በጣሊያን ወረራ የተቃጠለውና የተወሰደው ወረቀት ብዙ ነው።

የመዝገብ ቤት ሰው፣ ጥር 13

እንግዲህ እኔ የማውቀውን መንገድ ልንገርሽ፤ በደንብ ያዢው።

በአገራችን ትንሽ ሰው ስሙ በመንግሥት ወረቀት ላይ የሚሰፍረው በሁለት ነገር ነው፤ ግብር ሲከፍልና ፍርድ ቤት ሲቆም። የግብር ደረሰኝ ድሮ በየቤቱ ነበር፤ መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ በደረጃ ተለይቶ ግብር የተከፈለበት። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ብዙ ሰው ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል ብሎ እሳት አነደደበት። አንዳንዱም የንጉሡን ማኅተም ቤቱ ውስጥ ማስቀመጥ ስለፈራ ቀዳደደው። ስለዚህ ደረሰኝ ካገኘሽ ዕድለኛ ነሽ።

የቀረው ፍርድ ቤት ነው። ከሳሽና ተከሳሽን ብቻ አትፈልጊ። ምስክር ፈልጊ። የርስት ክርክር ሲሆን ሽማግሌ ሁሉ ይጠራል፤ ድንበሩን የሚያውቅ፣ ዘር የሚቆጥር። ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ስሙ፣ ዕድሜው፣ ሥራው ይጻፋል። ከዚያም ዳኛው «ይህን እንዴት አወቅህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው የሕይወት ታሪኩን የሚናገረው እዚህ ላይ ነው። ሹመት ደብዳቤ የማይነግርሽን የምስክር ቃል ይነግርሻል።

አንድ የመጨረሻ ምክር። የፍርዱን ግልባጭ በረታው ቤት አትፈልጊው። የረታ ሰው መሬቱን ይዞ ወረቀቱን ይረሳል። የተረታ ሰው ግን ይግባኝ እያሰበ ወረቀቱን ለልጅ ልጁ ያቆያል። እኔ በ31 ዓመት ያየሁት ይህንኑ ነው። ቤተሰባችሁ ከማን ጋር እንደተኳረፈ የምታውቅ አሮጊት ካለች እርሷን ጠይቂ።

ዲያቆን ዘጣርማ በር፣ ጥር 20

በግል የላኩልኝን የክርስትና ስም ይዤ አንኮበር ውስጥ ካለ አንድ ደብር ጠየቅሁ። በአንድ ተአምረ ማርያም ላይ ያጻፈው ሰው ስም ከእርሱ ጋር ይመሳሰላል። ግን መጽሐፉ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የተጻፈ መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ ሣህለ ሥላሴ ደግሞ ያረፉት በ1840 ነው። ሰውየው ሌላ ነው። የክርስትና ስም በአንድ አጥቢያ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመጣ ስም ብቻ ተይዞ አይኬድም።

የአንኮበር ዘር፣ የካቲት 27

ሁላችሁም ሰላም ናችሁ? ዘግይቼ ነው የተመለስኩት፤ ይዤ የመጣሁት ግን ባዶ እጄን አይደለም።

መጀመሪያ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ የቆዩ የርስት መዝገቦችን ማየት እንደምፈልግ ጠየቅኩ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ የታየኝ ክፍል ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ መዝገቦቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው እርስ በርሳቸው ተደራርበዋል፤ ከታች ያሉት ከእርጥበት የተነሣ ተጣብቀው እንደ ጡብ ሆነዋል። አንዱን ለመግለጥ ስሞክር ሦስት ገጽ አብሮ ተቀደደ። ትቼው ወጣሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ የስንቱ ሰው አያት እንዳለ ሳስብ መንገዱን ሁሉ ሆዴ ሲባባ ዋለ።

ከዚያ የጋሼን ምክር ያዝኩና ወደ አክስቴ ሄድኩ። «ቅድመ አያታችን በፍርድ ቤት ለማን መስክሮ ያውቃል?» አልኳት። አክስቴ ብዙም ሳታስብ አንድ ቤተሰብ ጠቀሰችልኝ። ከእነርሱ ጋር ከልጅነቷ ጀምሮ በዓል እንኳን እንደማይጠያየቁ ነገረችኝ፤ ምክንያቱን ግን አታውቀውም።

ሄድኩ። ያለ ሽማግሌ መሄድ ስለከበደኝ የሰፈራቸውን ቄስ አስቀደምኩ። የቤቱ አባት ወደ ሰማንያ የሚጠጉ ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ተነሥተው ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ጎትተው አወጡ። የ1943 የአውራጃ ፍርድ ቤት ፍርድ ግልባጭ፣ ቴምብሩ ሳይላጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። «በቅድመ አያትሽ ቃል ነው የተረታነው» አሉኝ። «አባቴ እስኪሞት ድረስ ይግባኝ እላለሁ ሲል ኖረ።»

ወረቀቱን በእጄ ሰጡኝ። ሦስተኛ ምስክር ተብሎ የቅድመ አያቴ ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ተጽፏል። እንዲህ ይላል፦

«ዕድሜዬ 62 ዓመት፣ ሥራዬ ግብርና ነው። ድንበሩን በምን አወቅህ ቢሉኝ፣ ቀድሞ የነጋድራስ አሽከር ሆኜ ከኬላ ብር ጭኜ ወደ አዲስ አበባ ሳመላልስ በዚህ ድንበር ላይ አልፍ ነበርና ድንጋዩን አውቀዋለሁ። ብር ጭኜ ስለማልፍ ማታ ከመንገድ አልወጣም፤ ቀን ብቻ ነው ያየሁት።»

በ1943 ዓመተ ምሕረት 62 ዓመት። የተወለደው 1881 ማለት ነው። ክፉ ቀን። አያቴ በዘመኑ ምልክት አንዲት ነገር አልተሳሳተችም።

ፎቶ እንዳነሣ ፈቀዱልኝ። ስወጣ የቤቱ አባት እስከ በር ሸኙኝና «ድንበሩን የተናገረው እውነቱን ነው፤ እኔ ድንጋዩን አውቀዋለሁ» አሉኝ። ይህን ለመናገር ስንት ዓመት እንደቆዩ አላውቅም።

የመዝገብ ቤት ሰው፣ የካቲት 27

እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። «ማታ ከመንገድ አልወጣም» የሚለውን አይተሻል? ዳኛው ምስክርነቱን እንዲቀበለው ያደረገው እርሱ ነው። ያላየውን አልጨመረም።

ታሪክ አጥኚ፣ የካቲት 28

ደብዳቤው ለምን በእርሱ ቤት ቀረ የሚለው ነበር ያልተፈታኝ፤ አሁን የሚገባኝ ይመስለኛል። «ደረሰልን» የሚል ወረቀት ብሩን ላደረሰው ሰው ከዕዳ የሚያወጣው ማስረጃ ነው። ለነጋድራሱ አሳይቶ መልሶ ወስዶት ይሆናል። 2400 ብር ያስረከበ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት በዕድሜው ሙሉ ቢይዘው አይገርምም።

የአጎት ልጅ፣ የካቲት 28

የምስክር ቃሉን ለአባቴ አነበብኩለት። ደግመህ አንብብልኝ አለኝ፤ ደገምኩለት። እኅቴ፣ ጥር ላይ የጻፍኩልሽን ይቅር በይኝ። በዘር ሐረጉ ላይ ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?

የአንኮበር ዘር፣ መጋቢት 2

ምንም የምቀየመው የለም ወንድሜ። «የነጋድራስ አሽከር፣ ከኬላ ወደ አዲስ አበባ ብር አመላላሽ» ብዬ ጽፌያለሁ። ራሱ በፍርድ ቤት ከተናገረው ቃል ውጭ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ለአክስቴም ትናንት አነበብኩላት። ብሩ በበቅሎ ይጫን እንደነበረና መንገድ ላይ እንደሚያድር ስነግራት ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ። ልጅ ሳለች አያቷ ዘንድ ታድር ነበር። ሸምግሎ፣ ልጆቹ አልጋ ገዝተውለት፣ ትራስ ሰፍተውለት እንኳን ትራሱን ወደ ግድግዳው ይገፋና ኮርቻ ነበር የሚንተራሰው። ለምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም። ኮርቻው አሁንም ቆጥ ላይ አለ። ቅዳሜ ወርጄ አየዋለሁ።